የቋሚ ኮሚቴው ጽዋ

እሑድ፣ ግንቦት 8

ሊመጡ ነው። ፓርላማው ራሱ ሊመጣ ነው። ሙሉው አይደለም፤ የአካባቢ ጥበቃንና የቱሪዝምን በጀት የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ነው። ለቡሬ ግን ይኼም ጥምቀት ነው። አለቃዬ አቶ ልየው ከቅዳሴ ስወጣ ክንዴን ይዘው ጥግ ወሰዱኝና ነገሩኝ። ሐሙስ ይገባሉ። ለቱሪዝም ጽሕፈት ቤታችን የተሰጠው በጀት ምን ላይ እንደዋለ በዓይናቸው ያያሉ።

«በዓይናቸው» ሲሉ የአቶ ልየው ድምፅ ትንሽ ሰለለ።

ቤት ገብቼ ከበጀቱ በዓይን የሚታየውን ለራሴ ጻፍኩ፦

አስፋልቱ ዳር የቆመው ትልቅ ሰሌዳ። «እንኳን ወደ አጓት ውሃ ፏፏቴ በደህና መጡ» ይላል። ድልድይ ተስሎበታል፤ ድልድዩ ላይ ሁለት ፈረንጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገራሉ።

ቆብና ካናቴራ። ካናቴራው ላይም ያው ድልድይ ተስሎበታል፤ አሁን ለብሼዋለሁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተሰጠው ሥልጠና። ርእሱ «ድልድይን በዘላቂነት መጠቀም» ነበር። ምሳው ጥሩ ነበር።

ድልድዩ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከፏፏቴው በላይ፣ ወንዙ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የድንጋይ ግንቦች አሉ። እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ውሃውን መሃል አድርገው ይተያያሉ። በመካከላቸው ያለው አየር ነው። በሪፖርታችን ግን ድልድዩ «በመጠናቀቅ ላይ» ነው። ዓምናም በመጠናቀቅ ላይ ነበር። እንደዚህ ሳይታክት የሚጠናቀቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁም። እናቴ ማዶ ናት። ክረምት ሲገባ ያ ወንዝ ማንንም አያሳልፍም። ዓምና ነሐሴ ታመመች ብለው ሲነግሩኝ መድኃኒት ይዤ ሄጄ ዳር ላይ ቆምኩ። ውሃው ግንቡን እየላሰ ይወርዳል። እሷ ጋቢ ተከናንባ ማዶ ወጣችና እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። መድኃኒቱን ይዤ ተመለስኩ። ደግነቱ ተሻላት።

ኮሚቴው ሐሙስ «ደህና ነው» ብሎ ከሄደ፣ በጀቱ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ድልድዩም በወረቀት ያልቃል። አንዴ በወረቀት ያለቀ ድልድይ ደግሞ ዳግመኛ አይሠራም።

ግን ይመጣሉ። ያዩታል። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 9

አያዩትም።

አቶ ልየው የጉብኝቱን መርሐ ግብር አወጡ። ሰሌዳው አለ፤ የሚካኤል ደን አለ፤ ገለጻ አለ፤ ምሳ አለ። ድልድዩ «ከምሳ በኋላ» ተይዟል። በመንግሥት ቤት አንድ ዓመት የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ከምሳ በኋላ የሚባል ሰዓት በእንግዳ ጉብኝት ደርሶ አያውቅም።

«መጀመሪያ ድልድዩን ብናሳያቸውስ?» አልኩ።

«ምንችል፣ እንግዳ ሳሎን ነው የሚገባው፤ ጓዳ አይደለም።»

«ቤቱ ጓዳ ብቻ ቢሆንስ?»

«ያ ምላስህ አንድ ቀን ደመወዝህን ይበላዋል» አሉኝ። በፍቅር ነው የተናገሩት ለማለት እደፍራለሁ።

ሌላም ጉድ አለ። ሪፖርታችን ውስጥ ነዋሪዎች ተደራጅተው ጎብኚ የሚያስተናግዱበት ማኅበር አቋቁመናል። አላቋቋምንም። አቶ ልየው ግንባራቸውን እያሹ «እዚያ አካባቢ በየወሩ የሚሰበሰብ ሰው የለም?» ሲሉ ጠየቁ።

«የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለ» አልኩ። «በየወሩ በ12።»

የቀን መቁጠሪያውን አዩ። ሐሙስ 12 ነው። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል። «አየህ፣ ፈጣሪም ከልማቱ ጋር ነው።»

የግንቦት ተረኛ እናቴ መሆኗን አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ወደ እናቴ ሄድኩ። በግንቦት ወንዙ ትሑት ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥኩ ጫማዬ ሳይርስ ተሻገርኩ። እናቴ እንስራ እያጠነች ነበር። አያ ስማቸው፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጠላው መድረሱን ሊቀምሱ መጥተዋል። ሲቀምሱ የዋሉ ይመስላሉ።

ነገሩን ነገርኳት። እሷ ቤት ሳይሆን ከወንዙ ወዲህ፣ ሚካኤል ደን ጥግ፣ ጥዱ ሥር ይደገስ።

«ድግሴን ተሸክሜ ወንዝ ልሻገር? ምነው፣ ሚካኤል ቤቴን ጠላው?»

«ከፓርላማ ነው የሚመጡት፣ እማዬ።»

«ድልድዩን የሚሠሩት እነሱ ናቸው?»

«የማይሠራውን የሚጠይቁት ናቸው።»

እንስራውን ገልብጣ አሰበች። «እንግዲያ ይምጡ። ሆድ ሲሞላ ጆሮ ይከፈት ይሆናል።»

አያ ስማቸው ግን ሐሳብ ገብቷቸዋል። የሰኔ ተራ የእሳቸው ነው። በጥር አንዱ በሬያቸው ሞቶባቸዋል፤ እህሉም አልሆነላቸውም። የእኛ ማኅበር ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። ድግሱ ሲያበቃ ቄሱ ጽዋውን ይዘው ይነሣሉ፤ ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ይሳለማል፣ ይጎነጫል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሱ ነው። «አልቻልኩም» የለም፣ «ሳላውቅ ነው» የለም። ጽዋ ተቀብሎ ያልደገሰ ሰው እኛ አገር እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል።

«አንድ ወር ቢያሳልፉኝ ብዬ ነበር» አሉ አያ ስማቸው፣ ወደ ጽዋው ሳይሆን ወደ ወንዙ እያዩ። «ማን ይቀበልልኛል?»

እናቴ ጠላ ጨመረችላቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11

የዝግጅት ቀን። አገሪቱ ጦርነት ብትገባ እንኳ እንዲህ አንሯሯጥም።

ችግኝ ተተከለ። ችግኝ ስል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ማለቴ ነው፤ ተቆርጦ አፈር ላይ ተሰክቷል። ሥር የለውም፣ ግን አረንጓዴ ነው፤ ለነገ ብቻ ነው የተፈለገው። ውሃ ላጠጣቸው ስል የዘበኛችን ሚስት አየችኝና «ምነው ጋሼ፣ ዱላ ውሃ ይጠጣል?» አለችኝ።

ከፍኖተ ሰላም የሠርግ ቪዲዮ አንሺ መጣ። አቶ ልየው ሙሽራውን ሳይሆን ልማቱን እንዲያነሣ አስጠነቀቁት። «ሙሽራዋስ ማን ናት?» አለ። የለመደበት ነው።

ለማኅበርተኞቹ ቆብ ታደለ። ቄስ አድማሱ ጥምጣማቸው ላይ ደርበው ሞከሩትና አውልቀው ለአህያቸው አደረጉላት። አያ ስማቸው ደግሞ የሚናገሩት ተሰጣቸው። «የማኅበራችን ዓላማ ዘላቂ ቱሪዝም ነው» ይበሉ ተባሉ።

«ዓላማችን ሚካኤል ነው» አሉ አያ ስማቸው።

«እሱንም ይጨምሩበት፣ ግን በመጨረሻ» አሉ አቶ ልየው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

በታሪክ ፊት እመሰክራለሁ። ፊደሌ ተጣሟል፤ ግማሹ ከደስታ፣ ግማሹ ከእናቴ ጠላ።

መጡ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ይባላሉ። ወፍራም መነጽር፣ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ነጠላ። ብዙ አይናገሩም። ብዙ የማይናገር ሰው አቶ ልየውን ያስደነግጣቸዋል፤ ዝምታውን በሙሉ ብቻቸውን ሊሞሉት ይደክማሉ።

ሰሌዳው ጋ ቆምን። ሰብሳቢዋ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ድልድዩ ይኼ ነው?»

«አዎ፣ ክብርት ሰብሳቢ። በመጠናቀቅ ላይ ነው።»

«እዚህስ ተጠናቋል» አሉ። «ወርደን ብናየው?»

«ከምሳ በኋላ ተይዟል።»

ቀጥሎ ችግኙ። አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል ጎንበስ ብሎ አንዱን ነካው። ተነቀለ። ዱላውን አገላብጦ አየ፤ «ይቅርታ» አለና ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ወዲያ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ነበር የሄደው።

ቀጥሎ ደኑ። አቶ ልየው «በጽሕፈት ቤታችን ክትትል ተከልሎ የለማ ደን» ሲሉ ቄስ አድማሱን ሳል ያዛቸው። ሰብሳቢዋ ዞሩ።

«አባ፣ ይኼ ጥድ መቼ ነው የተተከለው?»

«እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴም ሳይወለዱ።»

«ጽሕፈት ቤቱስ?»

«እሱ በቅርብ ነው» አሉ ቄስ አድማሱ፣ በአክብሮት።

ከዚያ ጥዱ ሥር ተቀመጥን። የእናቴ ዶሮ፣ ድፎው፣ ጠላው። ገና በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ሥጋው ይፈቀዳል፤ ኮሚቴው ጉርሻ እየተቀባበለ ተደባለቀ። አቶ ልየው ቆመው ለቪዲዮው ንግግር አደረጉ። «ይህ ማኅበር የልፋታችን ፍሬ ነው። እኔም ከመሥራቾቹ አንዱ ስሆን በየወሩ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።»

ማኅበርተኞቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አያ ስማቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መቼ ነው የተቀመጡት? ከኋላችን ይሆን?»

አሁን ዋናው ነገር። ድግሱ አበቃ። ቄስ አድማሱ ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን አነሡ፤ ያቺ ጥቁር ሸክላ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ። ወደ አያ ስማቸው አንድ እርምጃ ሄዱ። አያ ስማቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሊነሡ መሬት ተደግፈዋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አቶ ልየው። ቪዲዮ አንሺውን በእጃቸው ጠሩት። «ክብርት ሰብሳቢ ቢቀበሉት ለምስሉ ያምራል። የርክክብ ሥነ ሥርዓት ይመስላል።»

ቄስ አድማሱ ቆሙ። «ልየው ልጄ፣ ይኼ እኮ የሚቀበለው ሰው...»

«ይስጧቸው አባ፣ ጊዜ የለንም።»

ቄሱ ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። «ወደው ነው፣ እመቤቴ?»

«በደስታ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

እኔስ? አውቅ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ዳቦ አገኘሁና ዘጋሁት።

ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ተሳለሙ፤ ተጎነጩ። እናቴ እልል አለች። ሴቶቹ ተከተሏት። አያ ስማቸው የአሥር ዓመት ዕድሜ ጥለው ብድግ አሉና እጅ ነሡ። «የሰኔ ሚካኤል የእርስዎ ነው። እንኳን ለተራዎ አበቃዎ።»

«የእኔ ማለት?»

አስረዷቸው። አቶ ልየው መሃል ገቡ። «ምሳሌያዊ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ሚካኤል ምሳሌ አይደለም» አሉ ቄስ አድማሱ።

ሰብሳቢዋ ጽዋውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ከዚያ ሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። «እናቴም ማኅበርተኛ ነበረች። ጽዋ ተቀብዬ ሳልደግስ ብቀር ከመቃብር ተነሥታ ትመጣብኛለች። ግን እዚህ ቤት የለኝም።»

«ቤት ከሌለዎት የእኔ አለ» አለች እናቴ። «ያቻት፣ ከድልድዩ ማዶ።»

«እንግዲያው በሰኔ 12 በድልድዩ እሻገራለሁ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ወደ አቶ ልየው እያዩ።

አቶ ልየው «ምሳ ቀዘቀዘ» አሉ። ገና አሁን በልተን።

ከምሳ በኋላ የሚባለው ሰዓት እንደ ልማዱ አልደረሰም። ኮሚቴው ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ፤ ድልድዩ አልታየም። ጽዋው ግን መኪና ውስጥ፣ በሰብሳቢዋ ጭን ላይ ሄደ።

ዓርብ፣ ግንቦት 13

አስቸኳይ ስብሰባ። ተሰብሳቢ፦ አቶ ልየውና እኔ።

አቶ ልየው በአንድ ቀን ከስተዋል። የቀረቡ ሐሳቦች፦ ማኅበሩን ማዛወር። ሚካኤልን ማዛወር (ራሳቸው ሳቁበትና ተዉት)። የእናቴን ቤት ማዛወር። ይኼኛውን በቁም ነገር ነው ያሉት። «ለጊዜው ከወንዙ ወዲህ አንድ ጎጆ ብንቀልስላቸውስ?»

«ድልድዩን ብንሠራውስ?» አልኩ።

እንደ እብድ አዩኝ።

ሆኖም ለሰብሳቢዋ የቪዲዮ ካሴቱን በስጦታ ላኩላቸው። ንግግራቸው ጥሩ ሆኖ ወጥቷል ብለዋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ወር ሙሉ አልጻፍኩም፤ የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ነው። ዝናብ ገባ። ግንቦቹ እንደ ተኳረፉ ናቸው። እናቴ ጠላ ጠነሰሰች። እኔም እንደማይመጡ ቀስ በቀስ ራሴን አሳመንኩ፤ ትልቅ ሰው ትንሽ ቃል ያስታውሳል?

ዛሬ ጠዋት አቶ ልየው ስልኩ ላይ ተጎንብሰው ሰማኋቸው። «በዝናቡ ምክንያት ዝግጅቱ ተሰርዟል። ወደ መስከረም ሳይተላለፍ አይቀርም» ይላሉ። ስልኩን ዘግተው እጃቸውን አፋተጉ።

እኔ ደግሞ ጃንጥላዬን አነሣሁ። ወደ ቴሌ ሮጥኩ። ስሮጥ ደመወዜን አሰብኩ፤ ከዚያ ማዶ ቆማ የምታወዛውዘውን እጅ አሰብኩ፤ ፈጠንኩ። ተሰልፌ ቆይቼ ከሰብሳቢዋ ጋር ተገናኘሁ።

«ማን ልበል?»

«ምንችል እባላለሁ። ቤቴ አለልዎ ያሉት የወይዘሮ ታንጉት ልጅ ነኝ።»

«ተሰረዘ አሉኝ እኮ።»

«ሚካኤል አይሰረዝም፣ ክብርት። ጽዋውስ እርስዎ ጋ አይደል?»

«ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጸሐፊዬ እስክሪብቶ ማስቀመጫ መስሏት ነበር» አሉ። «ድልድዩስ?»

ይኼኔ ነው ጀግንነቴ የሚለካው። «መጥተው ይዩት» አልኩ። ጀግንነቴ እዚህ ድረስ ነው።

«ጌሾ የት እንደሚገኝ አላወቅሁም።»

«ጠላው ተጠንስሷል። ዳቦውን ይዘው ይምጡ።»

ወደ ቤት ስመለስ በዝናቡ ውስጥ እያፏጨሁ ነበር። ጃንጥላውን መዘርጋት መርሳቴ ሰፈር ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

መጡ። ኮሚቴ የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ሰሌዳ አልተጎበኘም። ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ሾፌራቸው፣ ምጣድ የሚያህል ድፎ፣ ጽዋው። አቶ ልየው በሦስት ጃንጥላ ተቀበሏቸው።

ወንዙ ግን ሌሊት ሞልቷል። ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ወዲህ ማዶ ቄስ አድማሱ፣ አያ ስማቸውና ገሚሱ ማኅበርተኛ። ወዲያ ማዶ እናቴና ገሚሱ። መሃል ላይ በመጠናቀቅ ላይ ያለው ድልድይ።

ሰብሳቢዋ ጽዋቸውን ታቅፈው ግንቡ ጫፍ ድረስ ሄዱ። አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«አቶ ልየው፣ የትኛው ነው በመጠናቀቅ ላይ ያለው?»

«ውሃው ሸፍኖት ነው» አሉ አቶ ልየው።

ይኼን ቃል በጽሑፍ ሳላስቀር ብሞት ነፍሴ አትማርም።

እናቴ ከማዶ ጮኸች። «ክብርት ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ። ቤቱ ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ደርሷል። በየት በኩል ነው የሚመጡት? ሰሌዳው ላይ ባለው ነው?»

ሰብሳቢዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ እንኳ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ኖሯል። ከሳቁ በኋላ ግን ፊታቸው ሌላ ሆነ። «ሲታመሙ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ቀስ ብለው።

«እጃችንን እናወዛውዛለን» አልኩ።

ቄስ አድማሱ ሚካኤል ለወንዝ ብሎ አይቀርም አሉ። ማኅበሩ በሁለት ዳር ቆመ። ጸሎቱን ጮኽ ብለው አደረሱ፤ ማዶ «አሜን» ሲል ከውሃው ድምፅ ጋር ዘግይቶ ይደርሳል። ድፎው ተባረከ፣ ተቆረሰ። ማዶ ያለው ድርሻስ? አያ ስማቸው ከጎናቸው ወንጭፋቸውን ፈቱ፤ ከበቆሎ ማሳቸው ዝንጀሮ የሚያባርሩበትን። ቁራሽ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው አሽከረከሩ፤ ለቀቁ። የመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ገባ።

«የዓሣው ድርሻ ነው» አሉ ቄስ አድማሱ። «እሱም ፍጥረት ነው።»

ሁለተኛው የእናቴ እግር ሥር ወደቀ። አነሣችው፤ ጭቃውን ጠረገች፤ ግንባሯ ላይ አድርጋ ሳመችው። ማዶ እልል ተባለ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ዝናቡ ይሆናል።

ከዚያ ጽዋው። ቄስ አድማሱ ከሰብሳቢዋ ተቀብለው ከወዲህ ማዶ ቤት በመጣ ጠላ ሞሉትና «ለሐምሌ ተረኛው ማን ነው?» አሉ።

ሁላችንም ወደ አያ ስማቸው አየን። አያ ስማቸው አልተንቀሳቀሱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔማ ታናሽ ነኝ። ከመሥራቾቹ መካከል ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ቀን ያልደገሱ አሉ። በየወሩ አብረውን የሚቀመጡ።»

«አዎ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ካሴቱ ላይ አይቻቸዋለሁ። ልከውልኝ ነበር።»

አቶ ልየው ወደ ግራ አዩ፤ ማኅበርተኛ። ወደ ቀኝ አዩ፤ ማኅበርተኛ። ወደ ፊት ውሃ ነው። ቄስ አድማሱ ጽዋውን ዘረጉ። «ወደው ነው፣ ልጄ?»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሲጎነጩ ጠላው ካናቴራቸው ላይ ፈሰሰ፤ የድልድዩ ሥዕል ላይ።

«ሥፍራው የት ነው?» ብላ ጮኸች እናቴ።

«ማዶ» አለ ወዲህ ማዶ ያለ ሁሉ።

ሰኞ፣ ሰኔ 14

ሰብሳቢዋ አልሄዱም ነበር። ሰንበትን ፍኖተ ሰላም ውለው ዛሬ ጠዋት ቢሯችን መጡና የዕቃ ግምጃ ቤቱ እንዲከፈት ጠየቁ። ተከፈተ። ቆብ፤ ቆብ፤ ካናቴራ፤ ቆብ። ከሥር፣ ለጥ ብለው፣ የድልድዩ ብረቶች። ዓምና ተገዝተው የገቡ ናቸው። የመትከያው ገንዘብ ነው ሥልጠና የሆነው።

አቶ ልየው ብረቶቹን እንደ ጠፋ ዘመድ አዩአቸው። ሊያቅፏቸው የፈለጉ መሰለኝ።

ሰብሳቢዋ አልተቆጡም። ያ ነው ያስፈራው። የቀን መቁጠሪያውን አዩና «ሰኔ ገና አላለቀም» አሉ። «ምክር ቤት የምናገረውን እናገራለሁ። ሐምሌ 12 ደግሞ እመጣለሁ።»

«ለክትትል?» አሉ አቶ ልየው።

«ለማኅበር። ከኮሚቴው ሊያነሱኝ ይችላሉ፤ ከማኅበር ማን ያነሳኛል?»

ሲሄዱ አቶ ልየው በር ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው የደወለላቸው?»

«ሚካኤል ይሆናል» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። «ሂድና ገመድ ፈልግ» አሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 17

ደቦ። እንዲህ ያለ ደቦ አይቼ አላውቅም። ከጅጋ በኩል ሳይቀር ሰው መጣ፤ ወሬ ሰምቶ።

ብረቱን ማዶ ለማድረስ ገመድ ማዶ መድረስ አለበት፤ ውሃው ደግሞ ሰው አያስገባም። ሁሉም ውሃውን ሲያይ አያ ስማቸው ወንጭፋቸውን ፈቱ። ቀጭን ሲባጎ ድንጋይ ላይ ታሰረ፤ ድንጋዩ ተወነጨፈ፤ ማዶ ወደቀ። በሲባጎው ጠፍር ተሳበ፤ በጠፍሩ ወፍራሙ ገመድ። ከሚካኤል ዳቦ የተማሩት ነው ብለው አያ ስማቸው ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገራሉ። ማዶ እናቴ ራሷ ገመድ ስትስብ አየኋት። ተዪ ብዬ ጮህኩ። አልሰማችም፤ ወይም ሰምታለች።

አቶ ልየው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ገቡ። ቆብ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ቀኑ ሲዘነብል አንዱ ብረት ከግንብ ግንብ ተቀመጠ። አንዱ ብቻ። ሁለተኛው ከሰሌዳው አጠገብ በመኪና ላይ ነው፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ነገ ይወጣል ይላሉ። እኔ ነገ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ።

እናቴ ማዶ ወዳለው ጫፍ መጥታ ብረቱን በእግሯ ነካ አደረገችው፤ ተመለሰች። «ሁለተኛው ሲመጣ እሻገራለሁ» ብላ ጮኸች። «በአንድ እግሩ የቆመ ነገር አላምንም።» ዓምና ክረምት ያየሁት እጅ ነው ዛሬም የተወዛወዘው። ዛሬ ግን ቆሎ የታሰረበት ጨርቅ ይዞ ነበር።

ልሄድ ስነሣ አቶ ልየው ግንቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጫማቸው ሁለት እጥፍ ሆኗል፤ ግማሹ ጭቃ ነው። ጽዋዋን ከቤት ይዘዋት መጥተዋል፤ ቤት ብተዋት ትሰበርብኛለች ብለው ነው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያስባሉ።

«ምንችል» አሉ። «ለአንድ ጋን ጠላ ጌሾው ምን ያህል ይበቃል?»

«እናቴን ይጠይቋት።»

«ማዶ ናቸው እኮ።»

«አዎ» አልኩ።

ብረቱን አየሁት። እሳቸውም አዩት። ከላይ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል።